ውሃ የሌለውን ወንዝ ፎቶ ላነሳ ቆቦ የወረድኩ ጊዜ

ከቆቦ ከተመለስኩ ሁለት ወር አልፎኛል። ደብረ ብርሃን ፎቶ ቤቴ ጎራ የሚል ሰው ሁሉ «እንዴት ነበር?» ይለኛል፤ እኔም «ሙቅ ነበር» ብዬ አልፋለሁ። በዚህ መልስ ብዙ እንደማልዘልቅ ስለገባኝ፣ ነገሩን ከመነሻው እስከ መድረሻው፣ አሳፋሪውን ሳልዘል ልጽፈው ተቀመጥኩ። የምጽፈው እዚያ ለማትሄዱት ነው። የምትሄዱ ካላችሁ ደግሞ ኮፍያ ያዙ።

ለማያውቀኝ ታደሰ እባላለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጉርድ ፎቶ ያነሳሁ ሰው ነኝ። ስልክ ሁሉንም ሰው ፎቶ አንሺ ካደረገው ወዲህ ሥራው ሲቀዘቅዝብኝ፣ አሮጌዋን ካሜራዬን ይዤ ወንዝ ማንሳት ጀመርኩ፤ ያውም በጥቁርና ነጭ ፊልም ብቻ። ሚስቴ ጥሩወርቅ «ውሃ ለማየት ይሄ ሁሉ መንከራተት! ቧንቧው አንሶህ ነው?» ትለኛለች። በሬሳን አንስቻለሁ፣ እሱ ደጃፌ ነው። አዋሽን፣ ጀማን፣ አባይን አንስቻለሁ። በጎልማሳነቴ ካርቱም ድረስ ሄጄ ነጩና ጥቁሩ አባይ ሲገናኙ አንስቻለሁ። የእህቴ ልጅ ቡዳፔስት የጋበዘኝ ጊዜ ደግሞ ዳኑብን አነሳሁ። ዳኑብ ግራና ቀኙ በጥርብ ድንጋይ የታጠረለት፣ ሱፍ ለብሶ ቢሮ የሚገባ ሰው የሚመስል ወንዝ ነው። ያልፋል፣ ማንንም ቀና ብሎ አያይም።

ወደ ቆቦ የመራችኝ ሀያት ናት። እዚሁ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የምትማር የቆቦ ልጅ ነች፤ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ መጥታ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኳቸውን ወንዞች አንድ በአንድ አየች።

«የኛም አገር ወንዝ አለ፤ ሆርማት ይባላል» አለችኝ። «ግን በዓመት አምስት ስድስቴ ብቻ ነው የሚመጣው።»

«የሚመጣው ስትይ?»

«ይመጣላ! ከዚያ ይሄዳል። ሌላው ጊዜ አሸዋ ነው።»

ዳኑብን ያነሳ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አርፎ አይቀመጥም። ሀያት ለአባቷ ለጋሽ እንድሪስ ደወለችልኝ፤ ነሐሴ ሲገባ ና ተባልኩ።

የመጀመሪያው ቀን። ፍልሰታ በገባ በማግስቱ ማለዳ ተነሳሁ። ደብረ ብርሃን በነሐሴ ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል፤ ጉም፣ ጭቃ፣ አጥንት የሚገባ ብርድ። ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ጋቢ ተከናንቤ፣ ካሜራዬን ደረቴ ላይ አንጠልጥዬ አውቶቡስ ገባሁ። ቦርሳዬ ውስጥ የእህቴ ልጅ የላከልኝ ሦስት ጥቅል ፊልም አለ። አንዱ ጥቅል አሥራ ሁለት ፎቶ ያነሳል፤ እዚህ አገር ተፈልጎ ስለማይገኝ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የማየው። ጣርማበርን አልፈን ቁልቁል ስንጀምር አንዱን ሹራብ አወለቅሁ፤ ደብረ ሲና ላይ ሁለተኛውን። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ጋቢውን ምን እንደማደርገው ጨንቆኝ ነበር።

ረዳቱን ቀደም ብዬ «ሮቢት ስንደርስ ንገረኝ፤ ከዚያ ቆቦ ቅርብ ነው ብለውኛል» ብዬዋለሁ። እሱም ቃሉን አክብሮ ሸዋ ሮቢት ላይ ሻንጣዬን አውርዶ አስፋልት ዳር አቆመልኝ። «አባቴ፣ ደርሰዋል!» አለኝ። እኔም አመስግኜ ወረድኩ። ቆቦ አጠገብ ያለው ሮቢት ሌላ መሆኑን፣ እዚያ ለመድረስ ገና አንድ ቀን መንገድ እንደሚቀረኝ አላወቅሁም። አንዲት ተሳፋሪ በመስኮት ብቅ ብላ «ኧረ ሰውዬው ቆቦ ነው ያሉት! መልሷቸው!» ብላ ባትጮህ ኖሮ ይህ ማስታወሻ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር።

ደሴ ከመድረሳችን በፊት አንድ ቦታ ለፍተሻ ወረድን። ፈታሹ ትሑት ልጅ ነው። ፊልሙን አገላብጦ አየው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ፊልም ነው።»

«የህንድ ነው?»

«አይ፣ ገና ምንም የለበትም፤ ባዶ ነው። ብቻ እባክህ አትክፈተው፣ ብርሃን ካየ ይበላሻል።»

«ባዶ ከሆነ ታዲያ ምኑ ይበላሻል?»

ላስረዳው አፌን ስከፍት ልጁ ጥቅሉን ፈትቶ እንደ መቀነት ዘረጋው፤ ወደ ፀሐይ ከፍ አድርጎ ከዳር እስከ ዳር አየው። ከዚያ በአክብሮት መልሶ ጠቀለለና በሁለት እጁ ሰጠኝ። «እውነትዎን ነው አባቴ፣ ባዶ ነው» አለኝ። ሁለት ጥቅል ቀረኝ። ደሴ አደርን፤ ብርዱ የቤቴን ስለሚመስል ሹራቦቼን መልሼ ለበስኩና ደህና ተኛሁ።

ሁለተኛው ቀን። ከወልዲያ በኋላ አገሩ ሜዳ እየሆነ፣ ሙቀቱም እየጠና ሄደ። ጎብዬ ላይ ገበያ ስለነበር አውቶቡሱ ሰውን ከነሸክሙ ጫነ፤ እኔ እግር ሥር ሁለት ዶሮ ተቀመጡ። እውነተኛዋን ሮቢትን አለፍናት፤ ረዳቱ ወደ ኋላ ዞሮ «አባቴ፣ ይቺ ናት!» ብሎ አውቶቡሱን በሙሉ አሳቀብኝ። ቆቦ ከሰዓት በኋላ ደረስኩ።

ያረፍኩበት አልጋ ቤት ባለቤት ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። «ከደብረ ብርሃን» ስላት ከልቧ አዘነች። የጣሪያው ማራገቢያ መብራት ሲጠፋ አብሮ እንደሚቆም ነገረችኝና አልጋዬን በረንዳ ላይ አስወጣችልኝ፤ አንሶላውንም ውሃ ነክራ፣ ጨምቃ አነጠፈችልኝ። እኔ ቤት ጥሩወርቅ አንሶላ እርጥብ ነው ብላ ሦስት ቀን ትነጫነጫለች። እዚህ እንደ ስጦታ ተቀበልኩት።

ሦስተኛው ቀን። ጠዋት ጋሽ እንድሪስ በባጃጅ መጥቶ ወሰደኝ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስድሳን ያለፈ ሰው ነው፤ ቀኝ እግሩን በሬ ረግጦት በጨርቅ ጠቅልሎታል፣ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ማሻአላህ! ሀያት ፎቶ አንሺ ስትል አንድ ሰው መስሎኝ ነበር» አለኝ። ዘጠና ስድስት ኪሎ ነኝ። ሁለታችን ባጃጅ ውስጥ ስንገባ ሾፌሩ ሌላ ሰው አልጫነም።

ከአስፋልቱ ወጥተን ማሽላ መሃል ለመሃል ሄድን፤ ከዚያ ወረድንና በእግር ትንሽ ተጓዝን። ላቤ ጠብ ጠብ ይላል። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና «ሆርማት ገና ሩቅ ነው እንዴ?» አልኩ።

«ቆመህበታል» አለኝ።

ወደ ታች አየሁ። አሸዋ፣ ጠጠር፣ የፍየል በጠጥ፣ አንድ ነጠላ ላስቲክ ጫማ። ስፋቱ የኛን አስፋልት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ውሃ የሚባል ግን ምራቅ ታህል የለበትም። ፊቴን ሲያይ ጋሽ እንድሪስ ምርኩዙን ተደግፎ እስኪያንገዳግደው ሳቀ።

«አብሽር!» አለኝ። «ዘመድ ጥየቃ ደጋ ወጥቶ ነው፤ ይመለሳል።»

እኔም ከመጣሁ አይቀር ብዬ አሸዋውን አነሳሁት። ጋሽ እንድሪስ «ይሄን ሳትንከራተት ደብረ ብርሃን አሸዋ የሚያራግፍ ሲኖትራክ አጠገብ ብታነሳውስ?» እያለ አጀበኝ።

ቤት ስንደርስ ሚስቱ እትዬ ዘሀራ በደስታ ተቀበለችኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሀያት አባቷን «ጋሽ ታደሰ ክርስቲያን ናቸው፣ ፍልሰታ ነው፣ እንዳታሳስቷቸው» ብላ አስጠንቅቃለች። እትዬ ዘሀራ ጎረቤቷ ካሉ ክርስቲያኖች ንጹሕ ድስትና ሳህን ተውሳ፣ ለእኔ ብቻ ለብቻው የሱፍ ፍትፍትና ሽሮ ሠርታ ትጠብቀኛለች። እኔ ደግሞ ጨጓራዬን አመካኝቼ ጾም ከተውኩ ስንት ዓመቴ! ቤቱ ውስጥ ደግሞ የወተት ሽታ ያውዳል። «አልጾምም» ልበል? የተዋሰችውን ድስት እያየሁ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ይሁን፣ ሽሮም ይበላል ብዬ እጄን ልታጠብ ስነሳ፣ እትዬ ዘሀራ ሰዓቷን አየች።

«ይቀመጡ ጋሽ ታደሰ፣ ገና ስድስት ሰዓት ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን አላስገድፍዎትም፤ ኃጢአቱ የኔ ነው የሚሆነው።»

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አጥብቄ ጾሜ አላውቅም። በአንድ ሙስሊም ቤት፣ በአንዲት ሙስሊም ጠባቂነት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ይባስ ብሎ የመንደሩ የውሃ አባት አቶ ካሳ መጣ። የውሃ አባት ማለት ገበሬው መርጦ በጎርፉ ላይ የሚሾመው ዳኛ ነው። እሱ የምር ጾመኛ ነው። ከንፈሬ መድረቁን አይቶ «እንዲህ ነው እንጂ! የከተማ ሰው ጾም ትቷል ይላሉ» ብሎ እጄን ጨበጠኝ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አራተኛው ቀን። ማታ ሻንጣዬን ከአልጋ ቤት አስመጥቶ እቤቱ ያሳደረኝ ጋሽ እንድሪስ፣ ጠዋት ማሳውን አሳየኝ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ቀልድ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ። ማሽላው ጉልበት ደርሷል፤ ቅጠሉ ግን እንደ ሲጋራ ተጠቅልሏል፣ ጫፉም ነጥቷል። እኛ ጋ በነሐሴ ገብስ የሚበላሸው ከውሃ ብዛት ነው። እዚህ ዝናቡ ደጋ ላይ ይዘንባል፣ ቆላው ደርቆ ይጠብቃል። ገበሬው ጎርፉ በደረቁ ወንዝ ሲወርድ ጠልፎ ማሳው ያስገባዋል። የሚጠልፉት በተራ ነው። የዚያን ሰሞን ተራው የጋሽ እንድሪስ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ተራው ሲደርስ ጎርፉ ቀርቶበታል። ዘንድሮም ካመለጠው ሰልፉ መጨረሻ ላይ ይገባል። ማሽላው ያን ያህል አይቆይም።

አጠላለፉን አቶ ካሳ አስረዳኝ። ወንዙ ውስጥ የግራር እሾህና ቅርንጫፍ ተከምሮ ወደ ማሳው አፍ፣ ማለት ወደ ውሃ መግቢያው፣ የሚመራ ክንፍ ይሠራል። ድንጋይ ይጫንበታል። የጎርፉ ግንባር ሲመታው ግን አሸዋ እስኪይዘው ድረስ ቅርንጫፉ ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ ጫፉ ላይ ሰው ይቆምበታል። ሌላ ሥራ የለውም፤ መክበድ ብቻ ነው። የጋሽ እንድሪስ ሁለት ወንዶች ልጆች ሳውዲ ናቸው። እሱ ራሱ ቀጭን ነው፣ ያውም ባለ አንድ እግር ሆኗል። ጎረቤቱ ሁሉ ደግሞ ጎርፍ ሲመጣ ያለ ተራ እንዳይገባበት የየራሱን ማሳ አፍ ይጠብቃል።

አቶ ካሳ ይህን ሲያስረዳኝ ዓይኑ ሆዴ ላይ ነበር።

«ስንት ኪሎ ነህ?» አለኝ።

«ዘጠና ስድስት።»

«እንድሪስ! ፈጣሪ ሁለት ሰው ልኮልሃል እኮ!»

ጋሽ እንድሪስ ተቆጣ። «እንግዳ አላሠራም! ሰው ምን ይለኛል?» አለ። እኔ ግን ካልሠራሁ አልኩ። ሠላሳ ዓመት በሚስቴ የተሰደበው ሆዴ አንድ ቀን ቁም ነገር ላይ ሊውል ነው፣ እንዴት እምቢ ልበል? ብዙ ተከራክረን ተስማማ። ከሰዓት በኋላ ልምምድ አደረግን። ክምሩ ላይ አቆሙኝ፤ አቶ ካሳ ዙሪያዬን ዞሮ አየኝና «ደብረ ብርሃን ቅቤዋን አላባከነችም፤ ጥሩ ነው» አለ።

አምስተኛው ቀን። ከቀኑ ስምንት ሰዓት አካባቢ በስተምዕራብ ደጋው ጠቆረ። ሰው ሁሉ አካፋውን ይዞ ወጣ። እኔም ክምሩ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። ካሜራዬ አንገቴ ላይ አለች። ጋሽ እንድሪስ አየት አድርጎ «እሷን ቤት ብትተዋትስ?» አለኝ።

«ምንም አታስቸግርም፤ ከሁሉ ጋር ሁለት ኪሎ አትሞላም።»

«ትጨመር» አለ አቶ ካሳ፤ «ክብደት ነው የምንፈልገው።»

አሥር ሰዓት ሲል ከላይ በኩል ፉጨት ተሰማ። ከዚያ «መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት ከአፍ ወደ አፍ እየወረደ መጣ። ቀጥሎ የአፈር ሽታ። ቀጥሎ አንድ ድምፅ፣ ብዙ ሰው በደረቅ ቅጠል ላይ እንደሚሮጥ ያለ። ከዚያ አየሁት። ወንዝ ሲወለድ አይቼ አላውቅም ነበር። ግንባሩ ወገብ ይደርሳል፤ ጭራሮ፣ ቁልቋል፣ ቢጫ ጀሪካን እየገፋ፣ አሸዋውን እየላሰ ይመጣል። ከኋላው ደመናው ተቀዶ ፀሐይ ወጣች፤ አረፋው ሁሉ ነጭ፣ አሸዋው ጥቁር ሆነ። ካርቱምም ዳኑብም ይህን አላሳዩኝም።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰውን ሁሉ «አይንቀሳቀሱ!» ስል የኖርኩ ሰው፣ ተንቀሳቀስኩ። አንዴ ብቻ፣ አንዲት ፎቶ ብቻ፣ እመለሳለሁ ብዬ ከክምሩ ላይ ወረድኩ። ወደ ታች በኩል አሥር እርምጃ ያህል ሮጬ ዞርኩ። ካሜራዬ ደረት ላይ ተይዛ ከላይ ቁልቁል የሚታይባት ናት፤ አጎነበስኩ፣ አስተካከልኩ፣ ተጫንኩ። ቀና ስል ክምሩ ተነሥቷል። ጋሽ እንድሪስ ምርኩዙን ጥሎ ላዩ ላይ ወጥቷል፤ ግን የሱ ክብደት ምን ሊይዝ! ከነቅርንጫፉ ዞረ፣ ወደቀ። አቶ ካሳ የራሱን ጋቢ ጫፍ አስይዞ ጎትቶ አወጣው። ውሃው ክንፉን ጠራርጎ ቁልቁል ነጎደና ሞላ የሚባለው የታችኛው ጎረቤት ማሳ ውስጥ ገባ። የጋሽ እንድሪስ ማሳ አፉን ከፍቶ ቀረ።

አቶ ካሳ ጋቢውን እየጨመቀ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አለ፤ ወደ እኔ ግን አላየም። ጋሽ እንድሪስ ጭቃ ውስጥ ተቀምጦ እግሩን ይዟል።

«ተው ካሳ» አለው። «እንግዳ ነው፤ ምን ያድርግ?»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ስድስተኛው ቀን። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ጧት እትዬ ዘሀራ «ደህና አደሩ?» አለችኝ። ጋሽ እንድሪስ «ደህና አደርክ? እንቅልፍ እንዴት ነው?» አለኝ። አለቀ። ስለ ሆዴ ቀልድ የለም፣ ስለ ሲኖትራክ ቀልድ የለም። ጠረጴዛ ተጠርጎ ቀረበልኝ፣ ትራስ ተደረገልኝ፣ እንደ ወረዳ ሹም ተከበርኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያሾፍብኝ «ኧረ በቃኝ» እል የነበርኩ ሰው፣ ያን ዝምታ አልቻልኩትም። አፈርኩ። ሻንጣዬን አስተካክዬ አውቶቡስ ስለ መያዝ አሰብኩ፤ ከዚያ ማሽላውን አየሁና ተውኩት።

ረፋዱ ላይ አቶ ካሳ ግራሩ ሥር ዳኝነት ተቀመጠ። እዚያ አገር ጎርፍ ያመለጠው ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይሄዳል፤ ነገር ግን የሰው ውሃ የጠጣ ማሳ የራሱን ተራ ይለቃል። ሞላ ተጠራ። ወጣት ገበሬ ነው፣ ከነአካፋው መጣ።

«እኔ ለምኜ አልጠጣሁም» አለ። «ግን የእንድሪስ ውሃ ነው፣ አልክድም። የሚመጣው ጎርፍ ተራ የኔ ነበር፤ የሱ ይሁን።» ሊሄድ ዞሮ ደግሞ ተመለሰ። «ያን ሰውዬ ግን በገመድ እሰሩት።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ እንድሪስ አልሳቀም። ሊሸኘኝ ነበር የፈለገው፤ «አንተ መንገድህን ሂድ፤ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አለኝ። ሌላ ሰው እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን። ወደ ቤት ገባሁና ካሜራዬን ከአንገቴ አውልቄ ለእትዬ ዘሀራ ሰጠኋት።

«ሳጥንዎ ውስጥ ይቆልፉልኝ። ብለምንዎትም እንዳይሰጡኝ።»

ቆለፈችው፤ ቁልፉንም ክር አስራ አንገቷ ላይ አጠለቀችው። በዚህ በኩል የሴትዮዋን ጥብቅነት ከዘጠኝ ሰዓቱ ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ሰባተኛውና ስምንተኛው ቀን። ደመና አልመጣም። ክምሩን እንደ አዲስ ሠራን፤ እሾሁ እጄን በላው፣ ጀርባዬ ተላጠ። ከማሳው የታችኛው ጥግ ያለው ማሽላ ደረቀ፤ ጋሽ እንድሪስ ምንም ሳይናገር ለከብት አጨደው። ጥሩወርቅ ደወለች።

«የት ነህ አንተ ሰው?»

«ወንዝ እየጠበቅሁ ነው።»

«በሬሳ እዚህ ደጃፍህ ላይ እየፈሰሰ! ሰው መኪና ይጠብቃል፣ ዘመድ ይጠብቃል፤ ወንዝ ይጠበቃል?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን በሙሉ ነገርኳት። «እንግዲያውስ ሳይመጣ እንዳትመለስ» አለችኝ።

ዘጠነኛው ቀን። ከሰዓት በኋላ ደጋው እንደገና ጠቆረ። ክምሩ ላይ ወጣሁ፣ እጄን አጣመርኩ፣ ቆምኩ። ፉጨቱ መጣ፣ ጩኸቱ መጣ፣ ሽታው መጣ። ፀሐይዋ እንደገና ከደመናው ሥር ብቅ አለች፤ ሊያሾፍብኝ የፈለገ አለ ማለት ነው። አላየሁትም። ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ። የመጀመሪያው ምት ጉልበቴን መታኝ፣ ሁለተኛው ጭኔን። አንድ ቁልቋል መጥቶ ከነእሾሁ እግሬ ላይ ተጠመጠመ። ግራ ጫማዬ ሄደ። ከሥሬ ክምሩ ሲንቀጠቀጥ፣ ሲነሳ፣ መልሶ ሲቀመጥ ይሰማኛል። ጋሽ እንድሪስ ከዳር ሆኖ በአካፋ አሸዋ ይመልሳል፣ «ያ አሏህ! ያ አሏህ!» ይላል። ከዚያ ድምፁ ሲለወጥ ሰማሁ። ዓይኔን ብገልጥ ውሃው ታጥፎ፣ ቡናማ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ በማሳው አፍ እየገባ ነው። ከማሽላው እግር ሥር እያለፈ ወደ ውስጥ ሲሄድ ስንጥቁ መሬት እየጠጣ ይንጣጣል።

አሸዋው ይዞ «ውረድ» ከተባልኩ በኋላም አልወረድኩም። አቶ ካሳ «ኧረ በቃ ሰውዬ፣ ውረድ!» ብሎ ጮኸብኝ። ጋሽ እንድሪስ እያነከሰ መጣ። ጭቃ የሞላውን ሸሚዜን፣ ባዶ ግራ እግሬን፣ ሱሪዬ ላይ የተሰካውን ቁልቋል አየ። ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር።

«ዘሀራ!» ብሎ ወደ ቤት ጮኸ። «ወተት አምጪለት! የዚህን ሰው ጾም እኔ የማላውቅ መስሎታል፤ ከመጣ ጀምሮ ላሚቱን እንደ ዘመድ ነው የሚያያት!»

ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅሁ፤ ዓይኔም አነባ፣ አልደብቅም። አቶ ካሳ «ጾመኛ ብዬ ጨብጬው!» እያለ እጁን ጭቃው ላይ ጠረገ። ወተቱን ጠጣሁ።

አሥረኛው ቀን በእትዬ ዘሀራ ልጅ አሮጌ ሸበጥ ከቆቦ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ያው ልጅ አልነበረም፣ ሮቢትም ያለ ችግር አለፈች። መንገዱ ሲመለሱ ያጥራል የሚባለው እውነት ነው፤ ደሴ አድሬ በማግስቱ ማታ ቤቴ ነበርኩ።

ፊልሙን ያጠብኩት ትንሽ ቆይቼ ነው፤ ፈርቼው ነበር። ጨለማ ክፍሌ ገብቼ ያችን አንዲት ፎቶ ወረቀት ላይ ሳወጣት፣ ካነሳኋቸው ወንዞች ሁሉ አንደኛዋ መሆኗን ገና ሳትደርቅ አወቅሁ። የጎርፉ ግንባር፣ ነጩ አረፋ፣ ጥቁሩ አሸዋ፣ ሁሉም አለ። በግራ ጥግ በኩል ደግሞ ሳነሳ ያላየሁት ነገር አለ። ጋሽ እንድሪስ ነው። ክምሩ ላይ በአንድ እግሩ ቆሟል። ፊቱ ወደ ጎርፉ አይደለም፤ ወደ እኔ ነው። አንድ እጁን ዘርግቷል፣ አፉ ተከፍቷል። ስሜን እየጠራ ነው። የውሃው ድምፅ ውጦት አልሰማሁትም።

ጥሩወርቅ ከኋላዬ ቆማ አየችው። «ጫፉን ቁረጠው» አለችኝ። ለሠላሳ ዓመት የሰው ፎቶ ላይ የማያምረውን ጥግ ስቆርጥ ኖሬያለሁ፣ አንድ የመቀስ ሥራ ነው። አልቆረጥኩትም። ሙሉውን ትልቅ አድርጌ አትሜ፣ በሀያት እጅ ላክሁላቸው።

ባለፈው እሑድ ጋሽ እንድሪስ ደወለልኝ። የላይኛው ማሽላ ራስ አውጥቷል፣ የታችኛውን ከብቶቹ በልተው ጨርሰውታል፣ እግሩ ድኗል፣ አልሃምዱሊላህ። ፎቶው በሩ ፊት ለፊት ተሰቅሏል።

«የገባ ሰው ሁሉ ይጠይቀኛል» አለኝ። «‹እንድሪስ፣ አፍህን እንዲህ ከፍተህ ማንን ነው የምትጠራው?› ይሉኛል።»

«እርስዎስ ምን አሏቸው?» አልኩ በስንት ጭንቅ።

«ጎርፉን ነው አልኳቸው። ‹ግባ፣ ቤትህ ነው› እያልኩት ነው አልኳቸው። ወላሂ አመኑኝ! ካሳ ብቻ ነው ፊቱን አዙሮ የሳቀው።» ከኋላው የከብት ድምፅ ይሰማኛል። «ክረምት ሲገባ ደግሞ እጠራሃለሁ፣ ታደሰ። ያኔ ግን ስማኝ።»